ነጩ በረዶ ለምን አመድ መሰለ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ብርድና ስለ በረዶ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ፎቶዋን ከነዋናው ፋይሉ ስለላከችልኝ የእሷን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ፋይል ሲኖረኝ በግምት አላወራም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ባለፈው ጥር ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ስፕራግ ሌክ የሚባለው ሐይቅ ጋ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ሐይቁ በረዶ ሠርቷል፤ ከኋላው ተራሮቹ ተደርድረዋል። እንደዚያ ያማረ ቦታ አይቼ አላውቅም። ካሜራዬ ያገለገለ ነው፤ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18–55 ነው። ደጋግሜ አነሳሁት። ቤት ገብቼ ሳየው ግን በረዶው አመድ መስሏል፤ ተራራው ሰማያዊ ሆኖ ደብዝዟል። ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ ስልክላት «ልጄ፣ ጭጋግ ነው እንዴ?» አለችኝ። ኤዲት ላደርገው ሞከርኩ። ብርሃን ስጨምር ሰማዩ ጠፋ። ቀለም ስጨምር በረዶው ጭራሽ ሰማያዊ ሆነ። ችግሩ ካሜራው ነው ወይስ እኔ ኤዲት አለማወቄ? በዚህ ዓመት ተመልሼ እሄዳለሁ። ምን ላድርግ?
ሰ.፣ ከአውሮራ

መልስ፦ እህቴ፣ ካሜራሽ ደህና ነው፤ አትቀይሪው። ኤዲቱም ዋናው ችግር አይደለም። ፎቶው የተበላሸው በሁለት ነገር ነው፤ በመለኪያውና በሰዓቱ። ከመለኪያው ልጀምር።

ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/1600 ሰከንድ። ሁሉንም የመረጠልሽ ካሜራው ነው። ካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው በረዶ ይሁን ጥቁር አለት ለይቶ አያውቅም። የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ነው የሚስበው፤ በፎቶ ትምህርት 18 በመቶ ግራጫ የሚባለው። አዲስ የወረደ በረዶ ግን ካረፈበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ይረጨዋል። ካሜራው ይህን ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። አመዱ የመጣው ከዚህ ነው። አዳዲስ ካሜራዎች ትንሽ ብልሃት ተጨምሮላቸዋል፤ በረዶ ፊት ግን አሁንም ይታለላሉ። አንቺ ደግሞ ካሜራውን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ነበር ያዞርሽው፤ የሰማዩ ብርሃንም ተጨምሮ ይበልጥ አጨለመው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራሽ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ይባላል። በረዶ ፍሬሙን ሲሞላው ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ጨምሪ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። እኔ ከ1 እጀምርና ስክሪኑን አይቼ እጨምራለሁ። ያንቺ ፎቶ ላይ 1 ከሲሶ ቢጨመር ሹተሩ ወደ 1/640 ይወርድ ነበር፤ በረዶውም በረዶ ይመስል ነበር።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊዎቹ ፎቶ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በፈረንጆቹ 1940 አካባቢ ባወጡት የዞን ሥርዓት ብርሃን ከጥቁር እስከ ነጭ በደረጃ ይከፈላል። መካከለኛው ግራጫ ዞን 5 ነው። ገጹ፣ ሸካራነቱ፣ የነፋሱ መስመር ሳይጠፋ የሚታይ በረዶ ደግሞ ዞን 8 ላይ ይቀመጣል። እኔ ያደግኩት በፊልም ዘመን ስለሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ተራራ ሳይ በዞን ነው የማስበው። በዲጂታል ግን ሦስቱን ስቶፕ ሙሉ አልጨምርም። ዲጂታል ነጭን ቶሎ ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በምንም ኤዲት አይመለስም።

ለዚህ ሂስቶግራሙን ተመልከቺ። ፎቶውን ካነሳሽ በኋላ የሚታየው ግራፍ ነው፤ ግራው ጨለማውን፣ ቀኙ ነጩን ያሳያል። የበረዶ ፎቶ ግራፍ ክምሩ ወደ ቀኝ ማድላት አለበት፤ ግን የቀኙን ግድግዳ መንካት የለበትም። ያንቺን ስከፍት ክምሩ መሀል ላይ ነው ያገኘሁት። ካሜራሽ የተቃጠለውን ቦታ እያብለጨለጨ የሚያሳይበት ማስጠንቀቂያም አለው፤ ከሜኑው አብሪው። ብርድ ላይ ቆመሽ ስክሪኑን በዓይንሽ ብቻ አትመኚ። በበረዶ ነጸብራቅ መሀል ማንኛውም ስክሪን ጨለማ ይመስላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ከስፕራግ ሌክ ዳር ቆመሽ ተራሮቹን ስታይ ፊትሽ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ነው። በጥር ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋም እዚያው በኩል ናት። ስለዚህ ብርሃኑ የሚመጣው ከተራራው በስተኋላ ነው። ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው። በመሀል ያለው አየርና ነፋስ ያነሳው ብናኝ በረዶ ከኋላ በሚመጣው ብርሃን ያበራል፤ ተራራውን እንደ መጋረጃ ይሸፍነዋል። እናትሽ ጭጋግ ያሉት ይህን ነው፤ ዓይናቸው ልክ ነው። ይህን መጋረጃ የሚገፍ ሌንስ የለም፤ ሰዓት መቀየር ነው።

ተመልሰሽ ስትሄጂ በማለዳ ሂጂ። በጥር እዚያ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ ሐይቁ ዳር ቁሚ። ከአውሮራ ሁለት ሰዓት ገደማ መንዳት አለ፤ ስለዚህ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ነው። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን የምታይውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ብርሃኑ የሚያርፈው ጫፎቹ ላይ ነው። ከሐይቁ ማዶ የሚታየው ተራራ ሃሌት ፒክ ከ3,800 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የዞረው ፊቱ ሮዝ ይሆናል፣ ቀጥሎ ወርቃማ። ታች ያለው ሐይቅ ገና ሰማያዊ ጥላ ውስጥ ነው። ያ ሮዝ ቀለም የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ትራይፖዱም (ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ) ፍሬሙም ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው።

ችግሩ በዚያች ሰዓት ጫፉና ሐይቁ የብርሃን ልዩነታቸው ሰፊ መሆኑ ነው። ትራይፖድ ላይ ሆነሽ ሁለት ፎቶ አንሺ፤ አንዱን ለጫፉ፣ አንዱን ለበረዶው። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሁለቱን ያዋህድልሻል።

ማለዳው ካለፈብሽም ተስፋ አትቁረጪ። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ከአድማስ ከ57 ዲግሪ በላይ ከፍ ትላለች። እዚያ ፓርክ ግን በዓመቱ አጭር ቀን ከ26 ዲግሪ ብዙም አትዘልም። ስለዚህ በብርድ ወራት ከረፋድ እስከ ቀትር ድረስ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ይመጣል። ከጎን የመጣ ብርሃን በረዶው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ሞገድ ጥላ ይሰጣታል። ጥላ የሌለው በረዶ ባዶ ወረቀት ነው። እኔ በረዶ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምፈልገው ተራራውን አይደለም፤ ጥላው ወዴት እንደተኛ ነው።

ፍሬሙ ላይም የምለው አለኝ። በ18 ሚሊሜትር ስላነሳሽው ተራራው አንሷል፤ የፎቶው የታችኛው ግማሽ ምንም የሌለበት ነጭ ሆኗል። ሁለት ምርጫ አለሽ። አንደኛው ሌንሱን ወደ 40 ወይም 55 መሳብ ነው፤ ተራራው ይቀርባል፣ ባዶው ይቀንሳል። ሁለተኛው በ18 ቆይተሽ መንበርከክ ነው። ነፋሱ በረዶውን ከሐይቁ ላይ ሲጠርገው የግግሩ ስንጥቅ ይወጣል። ያንን ስንጥቅ ወይም አንድ ድንጋይ ከፊት አስቀምጪ። ኤፍ 11 ላይ ሆነሽ ሁለት ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ነገር ላይ ፎከስ ብታደርጊ ከአንድ ሜትር ጀምሮ እስከ ተራራው ድረስ ጥርት ይልልሻል። ኤፍ 22 ድረስ አትውረጂ፤ ጥራቱን መልሶ ያለሰልሰዋል። ባዶ በረዶ ላይ አውቶ ፎከስ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ የድንጋይ ወይም የዛፍ ጠርዝ አሳይው።

እግርሽ የሚያርፍበትን ደግሞ ከመራመድሽ በፊት አስቢ። ያንቺ ፎቶ ላይ የጓደኞችሽ ዱካ ፍሬሙን አቋርጦታል። ያልተረገጠ በረዶ አንዴ ከተረገጠ የሚቀጥለው በረዶ እስኪወርድ አይመለስም።

ፖላራይዘር (የሰማዩን ሰማያዊ የሚያጠልቅ የሌንስ ማጣሪያ) ልግዛ ወይ እንዳትይኝ። ማጣሪያው ጉልበት የሚኖረው ፀሐይዋ ከጎንሽ 90 ዲግሪ ላይ ስትሆን ነው። በማለዳ እዚያ ቦታ ከኋላሽ ስለምትሆን ብዙ አይሠራልሽም። ያን ያህል ከፍታ ላይ ሰማዩ ራሱ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ገንዘብሽን ለጥሩ ጓንትና ለትራይፖድ አውይው።

አሁን ኤዲቱ። መጀመሪያ ካሜራሽን ሴንሰሩ ያየውን እንዳለ ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ሮው ቀይሪው። የላክሽልኝ ጄፔግ፣ ካሜራው ራሱ ጨምቆ ያዘጋጀው ፋይል ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ይይዛል። ብርሃን ስትጨምሪ ሰማዩ የጠፋው ጄፔጉ ውስጥ የቀረ መጠባበቂያ ስላልነበረ ነው። ሮው ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ይመለስ ነበር።

ያም ሆኖ ያንቺን ፎቶ ላይትሩም ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ከዚህ መልስ ጋር ይደርስሻል። ያደረግሁትን ልንገርሽ።

የጀመርኩት ከዋይት ባላንስ (ነጩን ነጭ ከሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ) ነው። ብዙ ሰው የቀለም መምረጫውን ጠብታ ወስዶ ጥላ ያረፈበት በረዶ ላይ ይጫናል። ያኔ ጥላው ነጭ ይሆናል፤ ፀሐይ የነካው በረዶ ግን ቅቤ ይመስላል። ጠብታውን ፀሐይ የነካው በረዶ ላይ ነው መጫን። ጥላው ሰማያዊ ሆኖ ይቅር። ትክክለኛ ቀለሙ ነው፤ ፀሐይ ያላገኘው በረዶ ብርሃኑን የሚያገኘው ከሰማዩ ነው። ያንን ሰማያዊ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋ ፎቶ ብርዱንም አብሮ ያጠፋዋል። ብርዱ የሌለበት የበረዶ ፎቶ እኔ አልወድም። ከበዛብሽ የሰማያዊውን ሙሌት ብቻ ከ10 እስከ 20 ቀንሽ። አጠቃላዩን ሙሌት (ሳቹሬሽን) ግን አትንኪው፤ በረዶሽን ሰማያዊ ያደረገው እሱ ነው።

ቀጥሎ ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ያህል ከፍ አደረግሁ፣ ሃይላይቱን (ደማቅ ቦታዎቹን) ዝቅ፣ ዋይቱን (እጅግ ነጩን) ትንሽ ከፍ። ላይትሩም ላይ ጠቋሚውን በረዶው ላይ ስታደርጊ ቁጥሩን በመቶኛ ያሳይሻል። ፀሐይ የነካው በረዶ 90 እና 95 መሀል ላይ ሲሆን ነጭ ነው፤ ገጹም አለ። 100 ከደረሰ ሞቷል። ሰማዩን ለብቻው በማስክ (አንድን ቦታ ለይቶ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ያዝኩት፤ ያንቺ ሰማይ ይጠፋ የነበረው ለሁሉም አንድ ላይ ብርሃን ስለጨመርሽም ጭምር ነው።

ጭጋግ የሚቀንሰውን፣ ዲሄዝ የሚባለውን የተጠቀምኩት ተራራው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ለዘብ አድርጌ። ፎቶውን በሙሉ ካደረግሽው በረዶው ይቆሽሻል። ጠርዞችን የሚያጎላው ክላሪቲም እንደዚሁ፤ ከበዛ ለስላሳውን በረዶ ያሻክረዋል። ጥዶቹን ለማብራት አልታገልኩም፤ ጥድ በበረዶ መሀል ጥቁር ነው፣ ጥቁርነቱ ነጩን ነጭ ያደርገዋል። በባዶ ቅርንጫፎቹ ጠርዝ ላይ የነበረችውን ሐምራዊ መስመር የክሮማቲክ አበሬሽን ሳጥኗን ምልክት በማድረግ አነሳኋት። የጓደኞችሽ ዱካ ያለበትን የታችኛውን ክፍል በክሮፕ ቆረጥኩ።

ጭጋጉ ግን ሙሉ በሙሉ አልተነሳም። አይነሳምም። ዛሬ ሰማዩን አውጥቶ ሌላ ሰማይ የሚያስገባ ፕሮግራም ሞልቷል፤ አንድ ቁልፍ ነው። እባክሽ አታድርጊው። እናትሽ የምትኖሪበትን አገር የሚያዩት በዚህ ፎቶ ነው። የሚያዩት ሰማይ አንቺ ከሥሩ ቆመሽ የበረደሽ ሰማይ ይሁን።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተውሽ። ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርገሽ ኤዲት አታድርጊ። ስክሪኑ ራሱ ስለሚያበራ በረዶው የበራ ይመስልሻል፤ ሲታተም ግን መልሶ አመድ ይሆናል። ሠርተሽ አሳድሪውና ጠዋት እዪው።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ነው የምኖረው። በረዶ ሲዘንብ ፎቶ ሳነሳ ባትሪዬ ግማሽ እያለ ይጠፋል። ቤት ስገባ ሌንሱ ጉም ይለብሳል። የሚወርደው በረዶ ደግሞ ፎቶው ላይ በደንብ አይወጣም፤ በፍላሽ ሳነሳው ትልልቅ ነጭ ክብ ይሆናል።
መ.፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባትሪው አላለቀም፤ በርዶት ነው። ሊትየም ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሲሞቅ ይመለስለታል። ሁለት ባትሪ ያዝ። አንዱን ከካፖርትህ ውስጥ፣ ሰውነትህ ጋ በሚነካ ኪስ አድርገው። ካሜራው ሲጠፋ አለዋውጣቸው።

ጉሙ የሚመጣው የቤቱ ሞቃት አየር እርጥበት ስላለውና ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ወደ ውሃ ስለሚለወጥ ነው። ከመግባትህ በፊት፣ ገና ደጅ እያለህ፣ ካሜራውን ዚፕ ባለው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተህ ዝጋው። ቤት ገብተህ አትክፈተው፤ ካሜራው የቤቱን ሙቀት እስኪያገኝ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጠብቅ። ፎቶዎቹን ቶሎ ማየት ከፈለግህ ሜሞሪ ካርዱን ገና ደጅ እያለህ ከካሜራው አውጣው። ቡና ለመጠጣት ገባ ወጣ የምትል ከሆነ ደግሞ ካሜራውን እንደቀዘቀዘ ተወው። ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል የቨርሞንት ገበሬ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ በጥር 15 ቀን 1885 በፈረንጆች አቆጣጠር አንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ። በሕይወቱ ከ5,000 በላይ አንስቷል። ሁሉንም የሠራው እሳት በሌለበት ቤት ውስጥ ነው፤ ዕቃውም በረዶውም እኩል ቀዝቃዛ መሆን ነበረባቸው። ያንን ሰው ሳስበው ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ለሚወርደው በረዶ ዋናው ነገር ከኋላው ያለው ነው። ነጭ ሰማይ ላይ ነጭ በረዶ አይታይም። ጥቁር ጥድ፣ የጡብ ግድግዳ ወይም ጥላ ያለበት በር ፈልግና ከእሱ ፊት አንሳው። ቅንጣቶቹ ነጥብ ሆነው እንዲቆሙ ከፈለግህ ሹተሩን 1/250 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው። መስመር እየሠሩ እንዲወርዱ ከፈለግህ ወደ 1/30 አውርደው። ፍላሹን አጥፋው፤ ትልልቆቹ ክቦች ሌንስህ አጠገብ ያሉ ቅንጣቶች በፍላሹ በርተው ነው።

በነገራችን ላይ አንተ ያለህበት ከተማ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ከአድማስ 7 ዲግሪ ገደማ ነው የምትነሳው። ሰው በዚህ ያማርራል። ለፎቶ ግን ደመና የሌለበትን ቀን ካገኘህ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ የማለዳ ብርሃን ነው። ምሳ ሰዓትህን ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ እንደ ፈረንጅ አገር በረዶ የለም፤ ግን ደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። መንዝ ጓሳ ስንሄድ ደግሞ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ጅብራው ሳይቀር ነጭ ይለብሳል። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ሲነሳ ምንም ውበት የለውም። መላ አለው?
ት.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አለው እንጂ! ውርጭ በስልክ ከሚነሱ ነገሮች ሁሉ ደስ ከሚሉኝ አንዱ ነው። ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ትንሽ ነገር ላይ ነው ውበቱ።

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ደመና ካለ የመሬቱን ሙቀት ይይዘዋል። ስለዚህ ማታ ቀና ብለህ ኮከቦቹ ጥርት ብለው ከታዩህ ጠዋት ቀድመህ ውጣ። ፀሐይ ከነካችው በኋላ ቶሎ ይቀልጣል፤ የምትሠራባት ሰዓት ፀሐይ ሣሩን መንካት ስትጀምር ያለችው ናት።

ቆመህ ሜዳውን በሙሉ አታንሳ። ተንበርከክ፤ ስልኩን ገልብጠህ ሌንሱን ወደ መሬት አስጠጋው። ፀሐይዋን ከፊትህ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጋት። ለተራራው አይሁን ያልኩት ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ለውርጭ ግን ይሆናል፤ ቅርብ ስለሆነ የሚጋርድህ አየር የለም፣ እያንዳንዷ የሣር ጫፍ ታበራለች። የጓሳው ሣር ረጅም ስለሆነ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ጅብራውን ስታነሳ ከኋላው ጥላ ያለበት ገደል እንዲሆን ዞር ዞር እያልክ ቦታ ፈልግ።

ስክሪኑ ላይ ውርጩን በጣትህ ነካና ያዝ አድርገው፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ። ከዚያ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት በጣትህ አንቀሳቅሳት። ውርጩ ፍሬሙን ከሞላው ወደ ላይ፣ ከኋላው ጨለማ ከሆነ ትንሽ ወደ ታች። ዲጂታል ዙሙን አትጠቀም፤ በእግርህ ቅረብ። ትንፋሽህን ራቅ አድርገው፤ ውርጩንም ያቀልጠዋል፣ ሌንሱንም ያደበዝዘዋል።

ለኤዲት ስናፕሲድ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነፃ ነው፤ ይበቃሃል። ሃይላይቱን ዝቅ፣ ኮንትራስቱን በጥቂቱ ከፍ፤ ዋይት ባላንሱን ስልኩ ካሞቀው ትንሽ ወደ ሰማያዊ መልሰው። ኤችዲአር የሚለውን ማጣሪያ አትንካ። የሣሩን ጠርዝ ሁሉ ያጎላውና ውርጩ አቧራ ይመስላል። ከመውጣትህ በፊት ደግሞ የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ ቅባት አለው፤ ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ቅባቱ ፎቶውን በሙሉ ያነጣዋል።